ውፍረትና ስኳር አጥንትን ሲያደክሙ፦ ከጓዳችን ዕፅዋት ምን እንጠብቅ?



ስለ ስኳር በሽታ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዓይን፣ ኩላሊት፣ ልብና የእግር ቁስል ነው። አጥንትን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ስለ ውፍረት የሚነገረው ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው ነው፤ «ደልደል ያለ ሰው አጥንቱ ጠንካራ ነው፤ ቢወድቅም ሥጋው ይይዝለታል» ይባላል። በሌላ ወገን አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና የሽፈራው ዱቄት «ስኳር ያወርዳል፣ አጥንት ያጠነክራል» እየተባለ በየገበያው ይሸጣል። ይህን ሰምቶ የሐኪም ክኒኑን የሚተው ሰውም አይጠፋም።

በዚህ ወር ዝግጅታችን ሁለት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። ውፍረትና ስኳር አጥንትን የሚጎዱት እንዴት ነው? በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙት ንጥረ ነገሮችስ በእርግጥ አጥንትን ይረዳሉ? መልሱን አስቀድመን ባጭሩ እንናገር። ሊረዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሚረዱት እንደ ምግብ ከማዕድ ላይ ሲቀርቡ፣ ከመድኃኒት፣ ከእግር ጉዞና ከፀሐይ ጋር ሲደጋገፉ ነው። የእነዚህን ቦታ ሲወስዱ ግን ጉዳታቸው ያመዝናል።

በከተሞቻችን ምን ተለወጠ?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት በአካባቢው ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ገበሬና ከብት አርቢ ነበር። ጤፉን፣ ገብሱን፣ ባቄላውንና ጎመኑን ከማሳው፣ ወተቱን ከበረቱ ያገኝ ነበር። ሱሉልታ ዛሬም ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት ሥፍራዎች አንዷ ናት። ገበያም ሆነ ወፍጮ ቤት የሚኬደው በእግር፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር።

ዛሬ ኑሮው ሌላ ነው። ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ ወይም ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሠራተኛ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቀኑን በሱቅ፣ በቢሮ ወይም በፋብሪካ ጣሪያ ሥር ያሳልፋል፤ ማታ በጨለማ ይመለሳል። አጭሩም መንገድ በባጃጅ ሆኗል። በማዕዱ ላይ ነጭ ዳቦ፣ በዘይት የተጠበሰ ምግብና ለስላሳ መጠጥ በዝቷል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ለስላሳ ብቻ 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። ባጭሩ ፀሐይ፣ እርምጃና ጎመን ቀንሰው ዘይት፣ ስኳርና መቀመጥ ጨምረዋል።

የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ለ2024 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር በሽታ ጋር ይኖራሉ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት የኢትዮጵያን ቁጥር ወደ 1.9 ሚሊዮን አድርሶታል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ አጥንታቸው አንድም ቀን ተነግሯቸው አያውቅም።

አጥንት እንደ አርማታ ነው

በእነዚህ ከተሞች የግንባታ ሥራ ያልተመለከተ ሰው የለም። የአርማታ ምሰሶ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በሲሚንቶውና በውስጡ ባለው ፌሮ። ሲሚንቶው ጥንካሬ ይሰጣል፤ ፌሮው ደግሞ ምሰሶው ሲገፋ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። አጥንትም እንዲሁ ነው። ካልሲየምና ፎስፈረስ እንደ ሲሚንቶው ናቸው። ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር ደግሞ እንደ ፌሮው ነው።

አጥንት ግን ከምሰሶ የሚለይበት ነገር አለ፤ ሕያው ነው። አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች ዕድሜ ልካችንን ጎን ለጎን ይሠራሉ። የሚፈርሰው ከሚገነባው ሲበልጥ አጥንት ይሳሳል።

ስኳር በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ኮላጅኑ ላይ ይጣበቃል። ክሮቹን አላግባብ እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ መተጣጠፋቸውን ያጠፋል። ይህ ከውስጥ ፌሮውን እንደሚበላ ዝገት ነው። ገንቢዎቹ ሴሎችም ይዳከማሉ፤ አሮጌው አጥንት በጊዜው አይታደስም። ሲሚንቶው ግን አልጎደለም። ስለዚህ የአጥንትን ጥግግት የሚለካው ራጅ የሚያየው ካልሲየሙን በመሆኑ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። የአጥንት ጥግግታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አረጋውያን መካከል ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ ሁለት የጥናት ስብስቦች እንዳመለከቱት ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ዳሌው የመሰበር ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ1.4 እስከ 1.7 እጥፍ ይሆናል። ከልጅነት ወይም ከወጣትነት በሚጀምረው በዓይነት አንድ ደግሞ ዕድሉ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። በሌሎች አገሮች እንደታየው ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ ይሞታል። ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሟቸው ራሳቸውን ችለው አይሄዱም።

«ሥጋው ይይዝለታል» የሚለው አባባልስ?

ክብደት መሸከም አጥንትን በመጠኑ እንደሚያጠነክር እውነት ነው። ውፍረት ሲበዛ ግን ጥቅሙ በጉዳቱ ይዋጣል። ይህም በአራት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ የሚገኙት እናት ሴሎች ወይ የአጥንት ገንቢ ወይ የስብ ሴል መሆን ይችላሉ። ውፍረትና ስኳር ወደ ስቡ ያዘነብሏቸዋል፤ መቅኒው በስብ ይሞላል፤ ግንበኛው ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም አይደለም። የሰውነት መቆጣትን የሚያስከትሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል። እነዚህም አፍራሾቹን ሴሎች ያነቃቃሉ።

ሦስተኛ፣ ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ ስለሚቀር በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ያንሳል።

አራተኛ፣ ከባድ አካል ሲወድቅ በኃይል ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውና በ10 አገሮች ያሉ ያረጡ ሴቶችን የተከታተለው ጥናት ውፍረት ከስብራት እንደማያድን አረጋግጧል። እንዲያውም የቁርጭምጭሚትና የጭን ስብራት በወፍራሞቹ ላይ በርክቶ ተገኝቷል።

ዕፅዋት ምን ይሰጡናል?

ዕፅዋት ራሳቸውን ከፀሐይ፣ ከተባይና ከሻጋታ የሚከላከሉባቸው ብዙ ሺህ ውህዶች አሏቸው። ከእነዚህ መካከል ፖሊፌኖል የሚባሉት በብዛት ተጠንተዋል። በላቦራቶሪ ሴሎችና በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ መቆጣትን ይቀንሳሉ፤ ስኳር ከኮላጅን ጋር መጣበቁን ያዘገያሉ፤ እናት ሴሎችንም ከስብ ይልቅ ወደ አጥንት ግንባታ ያዘነብላሉ። አይጥና ሰው ግን አንድ አይደሉም። እስቲ በቤታችን የሚገኙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

አብሽ፦ ፍሬው ውኃ ሲነካው የሚያዝለገልገው አሰር ምግብ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ስኳር በአንድ ጊዜ ሽቅብ እንዳይወጣ ይረዳል። ስኳሩ ሲረጋጋ ኮላጅኑም ያርፋል። ነገር ግን ብዙ ሰው አብሽን የሚጠጣው ተመትቶ ነጭ አረፋ ካወጣ በኋላ ስኳር ወይም ማር ጨምሮበት ነው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ማለት ይህ ነው። ያለ ስኳር ይጠጡት፤ ካልሆነልዎ ጥቂት ሎሚ ይጭመቁበት።

ጥቁር አዝሙድ፦ ቲሞኪኖን የሚባል ውህድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሳውዲ አረቢያ የተደረገና 94 ዓይነት ሁለት የስኳር ሕሙማንን ያካተተ ጥናት በቀን 2 ግራም ጥቁር አዝሙድ ለሦስት ወር የወሰዱት ሰዎች የስኳር መጠናቸው መሻሻሉን ዘግቧል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሰዎቹ ጥቁር አዝሙዱን የወሰዱት የታዘዘላቸውን ክኒን ሳያቋርጡ ነው። አጥንትን በሚመለከት ተስፋ ሰጪ ውጤት የታየው በአይጦች ላይ እንጂ በሰው ላይ አልተረጋገጠም።

ጎመን፦ ለአጥንት ከጓዳችን ምርጫ አንዱ ይህ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ቫይታሚን ኬ አለው። ቫይታሚን ኬ ካልሲየምን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን በሥራ ላይ እንዲውል ያደርጋል። የጎመን ወገን የሆኑ አትክልቶች በሙሉ ሰልፈር ያዘሉ ተከላካይ ውህዶችም አሏቸው። ቆስጣም ጥሩ አትክልት ነው፤ ይሁንና ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ለካልሲየም ከሆነ ከቆስጣ ይልቅ ጎመን ይመረጣል።

ጤፍና ጥራጥሬ፦ 100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ይህም ከስንዴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእርሾ የቦካ ሊጥ ማዕድናትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ እንጀራ ለአካል የተሻለ ይሆናል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲንና አሰር ይሰጣሉ። በአኩሪ አተር ውስጥ ያሉት አይሶፍላቮኖች የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅንን በጥቂቱ ስለሚመስሉ ባረጡ ሴቶች ላይ ተሞክረዋል፤ ውጤቱ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል።

እርድ፣ ቀይ ሽንኩርትና ተልባ፦ እርድ ኩርኩሚን፣ ቀይ ሽንኩርት ኬርሰቲን፣ ተልባ ሊግናን አላቸው። ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ከዘይትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ይሻላል። ይህን ደግሞ የእኛ አልጫ ከጥንትም ያውቀዋል። በወጥ ውስጥ የሚገባ እርድ አይጎዳም። ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጠው የተጠናከረ ኩርኩሚን ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት አድርሷል።

የዴንማርኩ ጥናት ምን ያስተምረናል?

ከርእሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ በሰው ላይ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ በወጣው የዴንማርክ ጥናት 74 ወፍራም ወንዶች ተሳትፈዋል። የተሰጣቸው ሬስቬራትሮል የተባለና በወይን ፍሬ ልጣጭና በለውዝ ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው። በቀን 1,000 ሚሊ ግራም የወሰዱት ከ16 ሳምንት በኋላ የወገብ አከርካሪያቸው ጥግግት በ2.6 በመቶ ጨምሯል።

ውጤቱ ደስ ይላል። ሆኖም ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ያን ያህል መጠን በወይን ፍሬና በለውዝ ፈጽሞ አይገኝም፤ በእንክብል የተሰጠ ነው። ሁለተኛ፣ የተለካው ጥግግት እንጂ ስብራት አይደለም፤ ጥግግት ብቻውን የስኳር ሕመምተኛን አጥንት እንደማይገልጽ ደግሞ ከላይ አይተናል። ስለዚህ ከጥናቶቹ የምንይዘው ቁም ነገር አንድን ፍሬ አሳድዶ መድኃኒት ማድረግን አይደለም። ማዕዳችንን በልዩ ልዩ ዕፅዋት መሙላትን ነው።

ፀሐይን አንርሳ

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዋነኛነት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳችንን ሲነካው ነው። «በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ይህ ምን ያሳስባል?» ይሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የአዲስ አበባ ነዋሪዎችን ከኖርዌይ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር በኢትዮጵያውያኑ ደም የተገኘው ቫይታሚን ዲ ከኖርዌዮቹ ግማሽ ያህል እንኳ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ ከከተማዎቹ 61.8 በመቶ፣ ከገጠሮቹ 21.2 በመቶ እጥረት አግኝቷል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የተለየው አኗኗሩ ነው።

ሒጃብ ወይም ኒቃብ የሚለብሱ እህቶች በግቢያቸው ውስጥ፣ ሰው በማያያቸው ሥፍራ፣ ክንድና እግራቸውን ገልጠው በሳምንት ጥቂት ቀናት ረፋድ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፀሐይ ቢሞቁ ይጠቀማሉ። ግቢ የሌላቸው በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ መጋረጃ አድርገው ይችላሉ። በመስኮት ወይም በታክሲ መስታወት የሚገባ ፀሐይ ግን ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ መስታወቱ ተፈላጊውን ጨረር ያስቀረዋል። ይህ የማይመች ከሆነ ሐኪም ቫይታሚን ዲ ሊያዝ ይችላል።

ስብራት የሚመጣው ከመውደቅ ነው

ደካማ አጥንት ያለው ሰው ካልወደቀ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ዓይንን ያደበዝዛል። ከመጠን በላይ የወረደ ስኳር ደግሞ ያንቀጠቅጣል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውሉ።

ለሱብሒ ሲነሡ ድንገት ብድግ አይበሉ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ይነሡ። መብራት ያብሩ። ዉዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ውኃ የማይተኛበት ይሁን፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በኩስኩስት ይጠቀሙ። በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን መታጠብ ለደነዘዘ እግር አደገኛ ነው። የውኃውን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ይለኩ። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይቀይሩ።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች አብሽና ጥቁር አዝሙድ በብዛት ሲጨምሩበት ስኳራቸው አላግባብ ሊወርድ ይችላል። በረመዷን ይህ አደጋ ይከፋል። ለመጾም የሚያስቡ የስኳር ሕሙማን ከረመዷን አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊቀየር ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን መፍታት እንደሚገባ ይደነግጋል።

ስብራት ከደረሰ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም ሊያጣ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ስለደነዘዘ ሕመሙን ቶሎ አይሰማውም፤ ሲነቃ እግሩ ጠቁሮ ሊያገኘው ይችላል። በእንዲህ ያለ አሠራር እግራቸው የተቆረጠ ወገኖች አሉ።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. አዋቂ ሰው በቀን 1,000፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ያለ ስኳር፣ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ጎመን፣ የጤፍ እንጀራና ጥራጥሬ ቢኖር መሠረቱ ተጣለ ማለት ነው።

2. ከሳህንዎ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ይሁን። እንጀራን በእንጀራ ላይ አይደርቡ።

3. በማፍጠሪያ ሰዓት ተምር አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይበቃል። ከሦስት ሳምቡሳ ይልቅ አንድ ሳምቡሳና አንድ ሳህን ሾርባ ይሻላል።

4. በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከመዳረሻዎ አንድ ፌርማታ ቀድመው ከታክሲ ይውረዱ። አጥንት የሚገነባው ሲሠራ ነው። ክብደት መቀነስ ጥሩ ነው፤ ሳይንቀሳቀሱ በረሃብ ብቻ መቀነስ ግን አጥንትንም ያሳሳል።

5. አብሽ የሚጠጡ ከሆነ ከመድኃኒትዎ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያራርቁት፤ አሰሩ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ይችላል። ነፍሰ ጡር እህቶች በብዛት አይውሰዱት። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የሚበሉትን የጎመን መጠን ከሳምንት ሳምንት አያለዋውጡ፤ የጥቁር አዝሙድና የእርድ እንክብልም ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

6. ስኳርዎን በጤና ጣቢያ በየጊዜው ያስለኩ። ፒዮግሊታዞን የሚባል ክኒን በሴቶች ላይ ስብራትን ስለሚያበዛ ከዚህ ቀደም የተሰበሩ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ውድ አንባቢያን፣ በጓዳችን ያለው ዕፅ ጸጋ ነው። ጎመኑን የሚበላ፣ አብሹን ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ክኒኑን በሰዓቱ የሚውጥ፣ ፀሐይ የሚሞቅና በእግሩ የሚሄድ ሰው አጥንቱን በአምስት በኩል ደግፎታል ማለት ነው። ክኒኑን ጥሎ ዕፁን ብቻ የያዘ ሰው ግን ስኳሩ ፌሮውን ሲበላው ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ የሚያውቀው በወደቀ ዕለት ነው። በቤታችሁ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉላቸው፤ ዉዱእ የሚያደርጉበትን ቦታ አይታችሁ አስተካክሉ፤ ክኒናቸውንም እየወሰዱ መሆኑን ጠይቁ።

አላህ ጤናና ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም።